ባና ለዓረብ አገር

የእኛ አገር ይበርዳል። ይህን የምለው ላማርር ብዬ አይደለም፤ የመንዝን ብርድ የማያውቅ አንባቢ ይህችን ካልያዘልኝ፣ ባለፈው ክረምት በአንድ ባና ምክንያት ያየሁትን አበሳ ሰምቶ ሊያዝንልኝ ስለማይችል ነው። እኔ ደግሞ እንዲታዘንልኝ እፈልጋለሁ። ስድስት ሳምንት ሙሉ አንድም ሰው አላዘነልኝም።

ባና ለማታውቁ፣ ከበግ ጠጉር ተነድፎ፣ ተፈትሎና ተሸምኖ፣ በመጨረሻ ሙቅ ውኃ እየፈሰሰበት በእግር ተረግጦ የሚጠብቅ ጥቁር ልብስ ነው። ቀን ይደረባል፤ ሲመሽ ይለበስና ይተኛል። ይሞቃል፤ ከመሞቁ በላይ ግን ይከብዳል። «የመንዝ ሰው ጠዋት ከአልጋው አይወርድም» እያሉ የሚያሙን የሌላ አገር ሰዎች ከባና ሥር ለመውጣት ሞክረው አያውቁም። የኔ ባና የአባቴ ነበር። አባቴ አንድ ቀን እሳት ዳር ሲያንጎላጅ ፍም ዘሎ አንዱን ጥግ አቃጠለበት፤ እናቴም ቤት ውስጥ ጥቁር ክር ስታጣ በቀይ ክር ጠቀመችው። አባቴ ካረፈ በኋላ ባናውን ከነቀይ ክሩ እኔ ወረስኩት። ሌላ ውርስ ነበረ ብላችሁ እንዳታስቡ።

መሐል ሜዳ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በየዓመቱ ትምህርት ሊዘጋ ሲል የተማሪዎች ክርክር የማዘጋጀውም እኔ ነኝ። ርእሱ ተለውጦ አያውቅም፤ «ከአገር ቤትና ከውጭ አገር ኑሮ የቱ ይሻላል?» የአገር ቤት ቡድን ሁልጊዜ ያሸንፋል፤ ምክንያቱም ዳኛው እኔ ነኝ፣ እኔ ደግሞ የትም ሄጄ አላውቅም። አንድ ዓመት የአገር ቤት ቡድን መሪ የገዛ ታናሽ እህቴ አስካለ ነበረች። ስለ አገሯ ስትናገር ርእሰ መምህሩ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። አሸነፈች። ለዘመዱ አደላ ተብዬ ታማሁ፣ ግድ አልሰጠኝም። ሽልማቷ የዓለም ካርታ ያለበት ትልቅ መጽሐፍ ነበር። በሁለተኛው ዓመት አስካለ ዓረብ አገር ሄደች፣ ሰው ቤት ልትሠራ። መንገዱን ከዚያው ከሸለምኳት ካርታ ላይ ያየችው ይመስለኛል።

አሁን አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች። እዚያ ሁለት ዓመት ሲሆናት ለእናቴ ነብር የተሣለበት፣ ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅ ብርድ ልብስ ላከችላት። እናቴ ባለ ነብሩን አንድም ቀን አልለበሰችውም። ዚፕ ካለው ላስቲክ ቦርሳው ሳይወጣ ቁምሳጥኑ አናት ላይ ተቀምጦ፣ እንግዳ ሲመጣ ይወርዳል፣ ይታያል፣ ይመረቃል፣ ተመልሶ ይወጣል። ነብሩ ከእኔ የበለጠ ብዙ ሰው ተዋውቋል።

ባለፈው ሰኔ ነው፤ እናቴ ቤት ተቀምጠን ቆሎ እንቆረጥማለን። የነፍስ አባታችን መምሬ ጌታነህም አብረውን አሉ። ስልኬ ጮኸች፤ የአስካለ መልእክት ነው። እናቴ የልጇ መልእክት ሲመጣ ጮክ ተብሎ እንዲነበብላት ትፈልጋለችና እንደልማዴ ጉሮሮዬን ጠርጌ አነበብኩ፤ «ወንድምዬ፣ እባክህ ባና ላክልኝ። በጣም በረደኝ። ለእማዬ እንዳትነግራት።»

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር ላይ ስደርስ ነገሩ ካለፈ ቆይቷል። እኅትም ወንድምም ያላችሁ ሁሉ ከኔ ተማሩ፤ «ለእማዬ እንዳትነግር» የሚባለው ከላይ ነው የሚጻፈው።

«የት ሆና ነው የበረዳት?» አለች እናቴ።

«እዚያው ዓረብ አገር።»

«ዓረብ አገር ቆላ አይደለም እንዴ?»

«ቆላ ነው እማዬ። እንዲያውም በረሃ ነው።»

«ታዲያ ቆላ ያለ ሰው ባና ምን ያደርግለታል?»

መምሬ ጌታነህ እፍኝ ቆሏቸውን ወደ ሰሐኑ መለሱ። «ንዳድ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሌላ ምን ይሆናል።»

እዚህ ላይ አገሬውን መውቀስ አልችልም። እኛ ደገኞች ስለ ቆላ አንድ ነገር ጠንቅቀን እናውቃለን። ለማሽላ አጨዳ ወደ ቆላ የወረደ ሰው በጠራራ ፀሐይ «በረደኝ» ካለ ወባ ይዞታል፤ ተሸክመው ያወጡታል፣ ሦስት ባና ይደርቡበታል፣ ከነሦስቱም ይንቀጠቀጣል። በእናቴ ዘመን ከቆላ ባና የጠየቀ ሰው ሁሉ ታሪኩ ይኸው ነው። ከነዚህም ግማሹ አልተነሣም።

ያን ጊዜ ዝም ብል ኖሮ! ግን አስተማሪ አይደለሁ? «ቆይ ላስረዳሽ» አልኩና በረሃ ማለት አሸዋ መሆኑን፣ አሸዋ ሙቀት እንደማይዝ፣ ስለዚህ በረሃ ቀን ቢያቃጥልም ሌሊት እንደሚቀዘቅዝ፣ ዘጠነኛ ክፍል የማስተምረውን አንድም ሳላስቀር አስተማርኳቸው። እናቴ እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ።

«ታዲያ እሷ ሌሊት ውጭ ምን ታደርጋለች?» አለች።

እጄን ወደ ቆሎው ሰደድኩ።

«ውጭ ነው የሚያሳድሯት ማለት ነው» አለች እናቴ።

«ንዳዱም የያዛት ከዚያው ነው» አሉ መምሬ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ጎረቤት ሁሉ ነጠላውን እያጣፋ እናቴ ቤት ገባ። አንዷ ሴትዮ ጉንጯን በእጇ ደግፋ «እንዴት ያለች ደግ ልጅ ነበረች» ስትል ሰማኋት። ነበረች! «እትዬ፣ አለች እኮ!» ብል «አይ ልጄ፣ አንተማ ምን ታደርግ» ብላ ይባስ አዘነችልኝ። በዚያ ሁሉ ሳምንት ያዘነልኝ ሰው እሷ ብቻ ናት፤ እሷም ለማይሆን ነገር።

ሌላ መላ ስላልነበረኝ ቤት ሙሉ ሰው ፊት ለአስካለ በቪዲዮ ደወልኩላት። ደህና ናት፤ ፊቷ እንዲያውም ሞላ ብሏል። ሴቶቹ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ፣ አገላብጠው አዩዋት። ንዳድ እንደሌለባትና ውጭ እንደማታድር ከተረጋገጠ በኋላ ብርዱ ከየት መጣ ተባለ። አስካለ ስልኳን ወደ ጣራው አዞረችው። አልጋዋ ጠባብ ናት፤ ከአልጋዋ በላይ ግድግዳው ላይ ነጭ ሣጥን ተሰቅሏል።

«ኤሲ ነው» አለች። «ብርድ ይነፋል። ማዳም ሙቀት አትወድም፤ ቀንም ማታም ሲነፋ ነው።»

መምሬ ጌታነህ ማተባቸውን ያዙ። «ሰው ብርድን በገዛ እጁ ወደ ቤቱ ያስገባል?»

«ገዝተው ነው መምሬ። በመብራት ነው የሚሠራው» አለች አስካለ።

«ይገዛል ካልሽማ እኛ ጋ ሞልቶ የለም ወይ» አለች ያችው «ነበረች» ያለችው ሴትዮ። «መጥተው በነፃ አይወስዱም?»

እናቴ ግን አልሳቀችም። «አስካለ፣ ዝጊዋ!»

«አይዘጋም እማዬ። መዝጊያው ማዳም እጅ ነው።»

«ብርድ ልብስስ የለም? ባለ ነብሩን የላክሽልኝ አንቺ አይደለሽም?»

«አለኝ» አለች አስካለ። «ይሞቃል። ግን አይከብድም። ስተኛ ምንም ያልለበስኩ ይመስለኛል፤ ዓይኔ ሳይከደን ይነጋል። የሚከብድ ነገር ነው የፈለግሁት።»

እናቴ ስልኩን ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ በቀጭን ድምፅ «እሺ የኔ ልጅ፣ ይሠራልሻል» አለች። እኔም አመንኳት። ከዚያ በኋላ ለደረሰብኝ ሁሉ መነሻው ይህች እምነቴ ናት።

ዕድል ሆኖ የጋሽ ሰይድ ልጅ ዘይነባ ለዕረፍት መጥታ ነበር። ጋሽ ሰይድ ገበያው ዳር ሱቅ አላቸው፤ ከዓረብ አገር የሚመጣውን ባለ ነብር፣ ባለ አንበሳ፣ ባለ ጽጌረዳ ብርድ ልብስ የሚሸጡት እሳቸው ናቸው። ዘይነባ የኔ ተማሪ ነበረች፤ የምትሠራው አስካለ ባለችበት ከተማ ነው። ነሐሴ ላይ ስትመለስ ባናውን ይዛልኝ ልትሄድ ተስማማን። ስድስት ሳምንት አለን። ለአንድ ባና ስድስት ሳምንት አይበቃም የሚል ሰው ካለ መንዝ ውስጥ አልተወለደም።

መጀመሪያ ጠጉሩ። እናቴ ቤት በጆንያ የተቀመጠ የበግ ጠጉር አለ፤ «ይኼ የጠቦት ነው፣ አይከብድም» አለች። ከጎረቤት አመጣሁ፤ «ነጭ ተቀላቅሎበታል።» ከገበያ ገዛሁ፤ «የማን በግ እንደሆነ በምን አውቃለሁ?» በመጨረሻ ለባና የሚሆን ጠጉር ያለው ጓሳ ተራራ ሥር የሚኖሩ ዘመዶቻችን ጋ ነው ተባልኩ። በክረምት! ጓሳን በክረምት ያየ ሰው አየሁ አይልም፤ ጉም እንጂ ሌላ አይታይም። ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ አስቀርቶብኝ ሁለት ጊዜ ተመልሼ አወጣሁት። አንድ ጆንያ ጠጉር ተሸክሜ፣ እኔም ጆንያውም ዝናብ ጠጥተን፣ እንደ በግ እየሸተትኩ ቤት ገባሁ። እናቴ እፍኝ አንሥታ ወደ በሩ ብርሃን ወሰደችው።

«ቀላ አላለም?» አለች።

እንደዚያ ቀን ከአገሬ መውጣት አምሮኝ አያውቅም።

ቀጥሎ ፈትሉ ነው። ሴቶቹ ስለ አስካለ ብለው እንዝርታቸውን ይዘው ተሰበሰቡ፣ እግዜር ይስጣቸው። ችግሩ፣ የፈትል ቦታ ላይ ሰው ዝም አይልም፤ ወሬው ደግሞ የኔው የክርክር ርእስ ሆኖ አረፈው። አንዷ «እዚያ ውኃ ቤት ውስጥ ነው የሚወርድ፤ እንስራ ተሸክሞ ቁልቁለት የለም» ትላለች፤ እንዝርቷ ትቆማለች። ሌላዋ «የወረደው ውኃ ሲታመሙ ያጠጣል? ማን አለሽ እዚያ?» ብላ ታስቆማለች። «እዚህስ ማን አለ? ጉልበት ያለው ሁሉ ሄዶ እኛ አሮጊቶች ቀረን» ትላለች ሦስተኛዋ። ክርክሩ ባማረ ቁጥር ክሩ አይረዝምም። እኔም ዳኝነት ለምዶብኝ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ማን እንደበለጠ ሳስብ ስንት ቀን እንደነጎደ አላውቅም።

እንዲያም ሆኖ ክሩ አለቀና ለሸማኔው ለጋሽ ደምሴ አስረከብኩ። ጋሽ ደምሴ ባለ ነብሩ ገበያውን ከያዘው ወዲህ ባና መሥራት ትተው ወደ ጋቢ የዞሩ ሰው ናቸው። ስለ አስካለ ስነግራቸው ግን «ለሷማ እሠራለሁ» አሉ። በሳምንት ይደርሳል።

በሳምንቱ ስሄድ ሚካኤል ነው። ትክክል፣ በሚካኤል አይሠራም። ከዚያ ኪዳነ ምሕረት ሆነ። ከዚያ ቂርቆስ፣ ከዚያ ማርያም፣ ከዚያ ጊዮርጊስ። በመሐል ባዶ ቀን አገኘሁ ብዬ ስሮጥ «ነገ በዓል ስለሆነ ዛሬ ዋዜማ ነው» ይሉኛል። ድሩ እንደተወጠረ ነው፤ ከላዩ አቧራ ጠጥቷል። እኔ ሃይማኖቴን የማልወድ ሰው አይደለሁም፤ ያን ሰሞን ግን ወሩ ሠላሳ ቀን ብቻ በመሆኑ ፈጣሪን አመስግኛለሁ፣ ሠላሳ አንድ ቢሆን ሌላ በዓል ይጨመር ነበር። ሐምሌ ሃያ አምስት ስሄድ ጋሽ ደምሴ እጃቸውን አጣጥፈው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ዛሬስ?» አልኩ።

«መርቆሬዎስ» አሉኝ፣ ዓይን ዓይኔን ሳያዩ።

ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ መምሬ ጌታነህን አገኘሁና በሽቄ ነገርኳቸው። መምሬ ቆም ብለው አሰቡ።

«መርቆሬዎስስ መርቆሬዎስ ነው» አሉ። «ቀን ሁሉ የቅዱሳን ነው። ግን ልጄ፣ ባለፈው ወር በመርቆሬዎስ ዕለት ደምሴ ይህን የለበስኩትን ጋቢ ሲሠራልኝ አልነበረም እንዴ? አጠገቡ ተቀምጬ።»

ወደ ኋላ ተመለስኩ። ጋሽ ደምሴ ገና ሲያዩኝ ገባቸው።

«እኔ ምን ላድርግ» አሉ። «እናትህ ናቸው። ድሩን በወጠርኩ ዕለት መጡና ‹ደምሴ፣ አትቸኩል› አሉኝ። በሦስተኛው ቀን መጡና ‹ደምሴ፣ አደራ እንዳትቸኩል› አሉኝ። ሴትዮዋን ታውቃቸው የለ።»

አውቃታለሁ። የጠቦቱ ጠጉር፣ ነጭ የተቀላቀለበት፣ ቀላ ያለው፣ የጓሳው ጉም፣ ሁሉም አንድ በአንድ ትዝ አለኝ። ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ የቀረው ጫማዬም ትዝ አለኝ። እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም። እናቴ ቤት ስገባ ደህና ዋልሽ እንኳ አላልኩም።

«ልጅሽ በብርድ ትጠበስና አንቺ ሸማኔ ታዘገያለሽ?»

እናቴ ስንዴ ትለቅም ነበር። ቀና ሳትል «አዎ» አለች።

እንዲህ ስትለኝ ያዘጋጀሁት ቁጣ መግቢያ አጣ። ትክዳለች ብዬ ነበር የመጣሁት።

«ለምን?»

«ብርዱ ካላመጣት ምን ያመጣታል?» አለች። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ሥራ አላት። የምትበላው አላት። ውኃው ቤት ውስጥ ነው ይላሉ። አምስት ዓመት ሙሉ ‹ይኼ ጎደለኝ› ብላ አታውቅም። አሁን አንድ ባና ጎደላት። እሱንም ከዚህ ድረስ ጭነን ከላክንላት ምን ጎድሏት ትመጣለች?»

እኔ ስንት ዓመት ሙሉ ይህን ርእስ የዳኘሁ ሰው ነኝ። የአገር ቤትም የውጭ አገርም ቡድን፣ አንድም ተማሪ ይህን ነጥብ አንሥቶ አያውቅም። ንዴቴ እንዳለ ነበር፤ ግን አጠገቧ ተቀመጥኩ። እናቴ ሰባ ዓመቷን አልፋለች። ልጇን ለመመለስ በእጇ የቀራት ነገር የሌላ አገር ብርድ ብቻ ነው።

«እስክትመጣ ድረስ ግን» አልኩ በመጨረሻ፣ «እንቅልፍ አይኑራት?»

እናቴ ስንዴዋንም በሩንም አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ቆይቶ ነው የገባኝ፣ እኔን ሳይሆን የለበስኩትን ነበር የምታየው።

«የኔ ልጅ» አለች፣ «ያንተን ስጣት።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አፍ ግን ይብሳል። አፌ እኔን ሳያማክር «እሺ» አለ።

በሳምንቱ የአባቴን ባና ይዤ ጋሽ ሰይድ ሱቅ ሄድኩ። እናቴ በሶና ሽሮ ጨምራለች፤ መምሬ ጌታነህ ደግሞ «ለማንኛውም» ብለው አንድ ትንሽ ጠርሙስ ጸበል ሰጥተውኛል። ስለ ንዳዱ ልባቸው አሁንም አላመነም። ባናው ሚዛን ላይ ወጣ። ዘጠኝ ኪሎ።

«ቲቸር» አለች ዘይነባ፣ «እውነት እኔ ጋ ቂም አለዎት? በጂኦግራፊ ስለደገምኩ ነው?»

«ባናውን ከወሰድሽ የአንቺ ልብስ አይገባም፤ የአንቺ ልብስ ከገባ ባናው አይገባም» አልኩ። ይህን ለማወቅ አስተማሪ መሆን አያስፈልግም ነበር።

ጋሽ ሰይድ ከባንኮኒው ጀርባ ሆነው ጸበሉን እንዳይፈስ በልጃቸው ሻሽ እየጠቀለሉ ነበር። «አደራ ተቀብለናል፣ ተቀብለናል» አሉ ቀና ሳይሉ። «ጸበሉ ሻንጣ ውስጥ ይገባል። ባናው ደግሞ ልብስ አይደለም እንዴ? ልብስ ይለበሳል እንጂ ይመዘናል?»

ዘይነባ አባቷን አየች፣ ባናውን አየች፣ እኔን አየች። ምን እንዳሰበች ባትናገረውም ገብቶኛል። ከዚያ ለበሰችው።

የቀረውን የሰማሁት ከደረሰች በኋላ ከላከችልኝ የድምፅ መልእክት ነው። ደብረ ብርሃን ድረስ ማንም ልብ አላላትም። አዲስ አበባ ስትደርስ ባናውን እንድትሸጥላቸው የጠየቋት ሁለት ሰዎች ነበሩ። አውሮፕላን ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ «በግ አለ እንዴ?» ብሎ አስተናጋጇን ጠየቀ። የዓረብ አገር አውሮፕላን ማረፊያ ስትደርስ ደግሞ ጭነት የሚያሸት ትልቅ ውሻ መጣና ባናውን አሸተተ፣ እንደገና አሸተተ፣ ከዚያ ጫፉ ላይ ጋደም አለ። ፖሊሱ ቢጎትተው አልነሣ አለ። ፈትሸው ምንም ሲያጡ ሰዉ ተሰብስቦ የሚስቀው በውሻው ይሁን በሷ አላወቀችም። ከበሩ ስትወጣ ሙቀቱ እንደ እቶን ፊቷን ገረፋት፤ ከሩቅ ያያት ሁሉ ወፍራም ዐባያ የለበሰች መስሎት በእምነቷ ጽናት አደነቃት። መልእክቷ ያበቃው እንዲህ ብሎ ነው፤ «ቲቸር፣ አደራዎ ደርሷል። ከእንግዲህ ግን ስልክ ቁጥሬን ያጥፉት።»

በማግስቱ ከአስካለ ፎቶግራፍ መጣ። ጠባቧ አልጋ፣ ከላይ ነጩ ሣጥን፣ ከታች አንድ ጥቁር ክምር፤ ከክምሩ ውስጥ ሁለት ዓይን ብቻ። ቀጥሎም ድምፅዋ። «የአባዬን ነው የላክህልኝ? ቀይዋን ክር አየኋት እኮ። አንተ ሰው…» አለች። አልቅሳ ነበር። «ዛሬ አንድ ሰዓት ያህል አርፍጄ ተነሣሁ። ማዳም ጮኸችብኝ። መነሣት አቃተኝ ብላት አይገባት። አንተስ አሁን ምን ለብሰህ ነው?»

«አዲስ ተሠርቶልኛል» አልኳት። ዋሸሁ፤ ግን ብዙም ውሸት አልመሰለኝም። ምክንያቱም ያን ቀን ጋሽ ደምሴን ሳገኛቸው «ደረሰ» ብለውኝ ነበር። ዘይነባ ከሄደች በአራተኛው ቀን! ፍልሰታ ውስጥ፣ በዓል የለ፣ ዋዜማ የለ፣ አራት ቀን ብቻ።

ባናውን ተሸክሜ እናቴ ቤት ገባሁ። ጥቁር ነው፣ ጥብቅ ያለ፣ የሚከብድ። ስድስት ሳምንት የተበሳጨሁት ሁሉ አለፈልኝ። እናቴ ዳሰሰችው፣ ወደ በሩ ብርሃን ወስዳ አየችው። «ቀላ አላለም?» አላለችም። ከዚያ ወንበር ላይ ወጣችና ቁምሳጥኑ አናት ላይ ያለውን ላስቲክ ቦርሳ አወረደች። ዚፑን ከፈተች። ባለ ነብሩን አውጥታ ጎን አደረገችው፤ አዲሱን ባና አጣጥፋ፣ ደግማ አጣጥፋ፣ ቦርሳው ውስጥ ከተተችው።

«እማዬ፣ እሱ የኔ ነው እኮ።»

«የአስካለ ነው» አለች።

«አስካለ ባና አላት! የኔን፣ የአባዬን ወስዳ የለም?»

«ያ የዓረብ አገሩ ነው» አለች እናቴ፣ ዚፑን እየዘጋች። «ይኼ ስትመጣ የምትለብሰው ነው። መጥታ ብርድ ይምታት?»

ቦርሳውን ተቀብዬ ቁምሳጥኑ አናት ላይ የመለስኩት ራሴ ነኝ፤ ከሷ እኔ እረዝማለሁ። ስወርድ እናቴ ባለ ነብሩን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝና «አምሮብሃል» አለች።

ይኸው መስከረምም ጥቅምትም አለፈ። ውርጩ ገብቷል። ባለ ነብሩ ለስላሳ ነው፣ አስካለ እንዳለችው አይከብድም፤ ስገላበጥ እሱ ወደ መሬት ይሄዳል፣ ነብሩን ፍለጋ እጄን ስዘረጋ ይነጋል። ትምህርት ቤት ክርክሩን ዘንድሮም ታዘጋጃለህ ወይ ብለውኛል። አዘጋጃለሁ፣ ዳኛ ግን ሌላ ፈልጉ ብያለሁ። ከአገር ቤትና ከውጭ አገር የቱ እንደሚሻል የምታውቀው በሁለቱም አገር ባና ያላት እህቴ ናት። እኔ በአንዱም የለኝም።